የኢንተርኔት አቅራቢው ስለ ቤታችን ምን ያውቃል?

እስራኤል ውስጥ በቂርያት ጋት ከተማ አንዲት እናት ማታ በስልካቸው ስለ ስኳር በሽታ ያነባሉ እንበል። ድረ ገጹ የቁልፍ ምልክት ካለው ጽሑፉ ተመስጥሮ ነው የሚያልፈው። የድረ ገጹ ስም ግን፣ ከነሰዓቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ለሚያቀርበው ኩባንያ ይታያል። የስኳር ሕክምና፣ ብድር፣ ሥራ ፍለጋ... ስሞቹ ሲደራረቡ የቤቱን ጭንቀት ይናገራሉ፤ ማስታወቂያ ሻጭ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ይህ በተግባርም ታይቷል፤ አሜሪካ ውስጥ የስልክ ኩባንያው ቬራይዘን በደንበኞቹ የሞባይል ኢንተርኔት ላይ ድብቅ መለያ በመጨመሩ በ2016 1.35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል።

እዚህ እስራኤል የ1981ዱ የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ተሻሽሎ ከኦገስት 14 ቀን 2025 ጀምሮ ጠንክሯል። ኢንተርኔት የሚያቀርብልን ኩባንያ ስለ እኛ የያዘውን መረጃ ለማየት፣ ከቀጥታ ማስታወቂያ መዝገቡም እንዲሰርዘን በጽሑፍ ለመጠየቅ መብት አለን። መረጃውን የማሳየት ግዴታው ግን በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ የለበትም፤ አማርኛ ብቻ ለሚያነቡ ወላጆቻችን ይህ ትልቅ በደል ነው፣ መስተካከልም አለበት። እስከዚያው ድረስ ዕብራይስጥ የሚጽፍ ልጅ ወይም ጎረቤት ደብዳቤውን ያዘጋጅልዎት፤ ቀን ይጻፉበት፣ ቅጂውንም ያስቀምጡ።