ተክልን ያለ ሸክላ ስለ ማሳደግ
በአስኮ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ይኸውም ተክልን ያለ ሸክላና ያለ ጣሳ፥ ሥሩን በጭቃ ድቡልቡል ጠቅልሎ፥ ጭቃውንም ሽበት አልብሶ ማኖር ነው። ሽበት ያልሁት በጥላ ድንጋይ፥ በአሮጌ ግንብና በጥድ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ከፋይ ተነጥፎ የሚታየውን ነው። ብልሃቱ የጃፓን ሰዎች ነው፤ እነርሱም ኮኬዳማ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የሽበት ኳስ ማለት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሄደው፥ ስለ አገሩ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ እንደ ጻፉ ከመካከላችሁ የምታውቁ አላችሁ። እንግዲህ ከሩቅ አገር የሚጠቅመውን መርምሮ መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ በትምህርት ቤት ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ መልሱ በየክረምቱ የምናየው ነው። ልጆቻችን ችግኝ ሊተክሉ ይወጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። ቍጥሩ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም። አንዱ ሥሩ ከአፈሩ ተራቍቶ ፀሐይና ነፋስ ስለ መታው ይሞታል፤ ሌላው ጥቁሩ ላስቲክ ሳይወልቅለት ተቀብሮ ሥሩ በውስጡ እንደ እባብ ይጠመጠማል። ይህን ለልጅ በቃል ብቻ ቢነግሩት ይረሳዋል። ሥርን በገዛ እጁ ያለበሰ ልጅ ግን ችግኝ ሲይዝ እጁ ራሱ ይጠነቀቃል።

አፈሩ እንዲህ ይሰናዳል። ቀይ አፈር ሁለት እጅ፥ ጥቁር ዋልካ አንድ እጅ፥ በደንብ የበሰበሰ ቅጠል አንድ እጅ ይደባለቃል። ዋልካው እንዲያጣብቅ ነው፤ የበዛ እንደ ሆነ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባበት፤ ሌላውን ተክል ይጎዳልና። ውሃ እየጨመሩ ማሸት ነው፤ ጨብጠው ሲለቁት ካልፈረሰና ውሃም ካላንጠባጠበ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ተክሉን ከነበረበት አውጥቶ፥ አሮጌውን አፈር በቀስታ አራግፎ፥ ሥሩን በዚህ ጭቃ ብርቱካን እስኪያህል ድረስ ማልበስ ነው። በላዩ ሽበቱን አረንጓዴው ወደ ውጭ ሆኖ ይለጥፉበታል፤ በቃጫ ወይም በጥጥ ክርም ዙሪያውን ያስሩታል። ለዚህ ጥላ የሚወድ ተክል ይመረጥ። የቡና ችግኝ ለፍሬው ባይሆን ለቅጠሉ ያምራል፤ ጤና አዳም ግን ፀሐይ ወዳድ ነውና አይስማማውም።

ሽበቱ ከወዴት ይምጣ? በዚህ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ሽበት እንደ ሌላው ተክል እውነተኛ ሥር የለውም፤ ውሃን በገላው ሁሉ ይጠጣል፤ ዝናብንም ይዞ ለመሬቱ ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። እድገቱም እጅግ ዝግተኛ ነው። አርባ ተማሪ ወደ አንድ ደን ቢሰድዱ፥ በአንድ ቀን የላጡትን ብዙ ክረምት አይመልሰውም። የመናገሻ ጥድ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደ ተተከለ ይተረካል፤ ከእንደዚያ ያለ ደንና ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድ አንድ መዳፍ ስንኳ አይነካ። ከግቢ ግንብ፥ ከቦይ ዳርና ከጣራ ጠርዝ ለመጥረግ የተቈረጠው ይበቃል። እርሱም ከታጣ ድቡልቡሉን በአሮጌ ጆንያ ቢጠቀልሉት ተክሉ አይቀየምም፤ ትምህርቱም አይጐድልም።

አያያዙ ቀላል ነው። ድቡልቡሉን በእጅ ያንሡት፤ የቀለለ እንደ ሆነ ጠምቶታል። በውሃ ጣባ ውስጥ ነክረው አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም ይያዙት፥ ከዚያም አውጥተው ያንጠፍጥፉት። በሳሕን ላይ ውሃ አቍሮ ከተቀመጠ ሥሩ ይበሰብሳል። የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይሻላል። በበጋ ነፋስ ሲበረታ ሽበቱን ጧት ጧት በእጅ ውሃ መርጨት ነው። ቢቡን አይጣል፤ ሽበት የሞተ መስሎ ውሃ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ሥሩ ሽበቱን በስቶ ወደ ውጭ ብቅ ያለ ጊዜ ቤቱ ጠቦታል ማለት ነው፤ በሰፋ ጭቃ ይጠቀለል፥ ወይም ወደ መሬት ይውረድ። ወደ መሬት ሲወርድ ድቡልቡሉ ሳይፈርስ እንዳለ ይቀበራል። ቃጫና ጥጥ በአፈር ውስጥ በራሳቸው ይበሰብሳሉ፤ የታሰረው በናይሎን ክር ከሆነ ግን ሳይቀበር በፊት ተቈርጦ ይውጣ።