የመኪናው ባለቤት ከኋላ ተቀምጧል

ስለ ደብል ጋቢና ፒክ አፕ የኋላ ወንበር በፍስሐ ገነት ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለአካባቢው ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር





በእንዲህ ያለ የበዓል ቀን ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ ስለ እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርእስ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል፤ ስለ ፒክ አፕ መኪና የኋላ ወንበር፣ በተለይም በዚያ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው እግር ስለሚተርፈው ቦታ ነው። ርእሱን ሰምቶ ፈገግ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁንና ከፍስሐ ገነት ተነሥቶ፣ ይርጋ ጨፌን፣ ወናጎንና ዲላን አልፎ፣ አዲስ አበባ ድረስ በኋላ ወንበር መሐል ላይ ተቀምጦ የሄደ ሰው ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ያውቃል።

እንደሚታወቀው ጋቢና የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን የሾፌሩን ክፍል ያመለክታል። በታክሲ ተሳፋሪ አነጋገር ደግሞ ጋቢና ማለት ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ነው፤ ለታላቅ ሰው «ጋቢና ይግቡ» ይባላል። ደብል ጋቢና የሚለው ስም እንግዲህ ሁለት ጋቢና እንዳለ ይናገራል። ስሙ ሁለት ይበል እንጂ የክብሩ ቦታ አንድ ነው። ኃላፊው ከፊት ይቀመጣል፤ የአባላት ተወካዮች ሦስት ሆነው ከኋላ ይገባሉ፤ የቡናው ናሙናና ሰነዱም ከእግራቸው ሥር ይቀመጣል።

መኪናው የማን ነው?

የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ሲቋቋም በሥራ ላይ የነበረው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። አዋጁ ቢለወጥም በመሠረታዊ ማኅበር ውስጥ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው የሚለው መርህ አልተለወጠም። ማኅበርም ሆነ ዩኒየን መኪና ሲገዛ የሚከፍለው ከአባሉ ቀይ እሸት ከተገኘ ገንዘብ ነው። በመሆኑም ከኋላ የተቀመጠው ገበሬ በሰው መኪና የተሳፈረ እንግዳ ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ነው።

ታዲያ ግዥ ሲፈጸም ምን ይጠየቃል? የሞተሩ ጉልበት ይጠየቃል፤ የነዳጅ ፍጆታው፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ የጎማው ዓይነት፣ የመለዋወጫው አቅርቦት ይጠየቃል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የግዥ ኮሚቴው አባላት ግን የኋላውን በር ከፍተው፣ ሦስት ሆነው ገብተው፣ በሩን ዘግተው የሚቀመጡበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሾፌሩ መሪውን ሞክሮ ይወርዳል፤ የኋላው ወንበር ሳይሞከር ውል ይፈረማል።

ስለ ምን ጠበበ?

ፒክ አፕ ሲጀመር የተሠራው ለጭነት ነበር። ለምሳሌ ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ሲቀርብ የሥራ መኪና ሆኖ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ወንበር በኋላ ሲጨመር ቦታው የተገኘው ከካሶኒው ተቀንሶ ነው። በዚህ ዓይነቱ መኪና ነጠላ ጋቢናው ወደ 2.3 ሜትር የሚጠጋ ካሶኒ ሲኖረው የደብል ጋቢናው ካሶኒ ወደ 1.5 ሜትር ዝቅ ይላል። ልዩነቱ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሰው፣ መደገፊያውና እግሩ ሁሉ በዚህ ላይ ከፊት ወንበር በሚተርፈው ቦታ መብቃቃት አለባቸው።

ከዚህም ሌላ ከኋላው ወንበር ጀርባ ወዲያውኑ የጋቢናው ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ካሶኒው። ስለዚህ መደገፊያው እንደ አውቶሞቢል ጋደል ማለት አይችልም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ኤል 200 የጋቢናውን የኋላ ግድግዳ ጠምዝዞ የሠራው ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ወለሉም የራሱ ጣጣ አለው። ከሥር በሚያልፉት የመኪናው ክፍሎች ምክንያት መሐሉ ከፍ ስለሚል፣ መሐል የሚቀመጠው ሰው እግሩን ግራና ቀኝ ከፍሎ የጎረቤቶቹን ቦታ ይሻማል።

በባትሪ የሚሠሩ ፒክ አፖች እየመጡ ባለበት በዚህ ጊዜ ጥያቄው አይቀርም። ባትሪው ከወለሉ ሥር ሲነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወንበሩ በዚያው ልክ ካልተነሣ ጉልበት ወደ ደረት ይቀርባል፤ ጭንም ወንበሩን ለቆ ይንጠለጠላል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፋብሪካዎች የኋላ እግር ቦታን በቁጥር ያወጣሉ። በአሜሪካ ገበያ ከሚሸጡት መካከለኛ ፒክ አፖች መካከል እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ሞዴል ድረስ የነበረው ደብል ጋቢና ቶዮታ ታኮማ 82.8 ሳንቲ ሜትር ነበረው። አዲሱ ኒሳን ፍሮንቲየር 84.3፣ ሆንዳ ሪጅላይን 93.2፣ ጂፕ ግላዲያተር 97.3 ሳንቲ ሜትር አላቸው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት 14.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከስንዝር ያነሰ ማለት ነው። በጉልበትና በፊት ወንበር መካከል ግን ይህ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር ከጉልበት እስከ ፊት ወንበር ያለው ክፍተት አይደለም። የሚለካው ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ መጋጠሚያ ሆኖ 25.4 ሳንቲ ሜትር ይታከልበታል። ሲለካም የፊቱ ወንበር ፋብሪካው ባስቀመጠው ቦታ ላይ ሆኖ ነው። በመንገድ ላይ የፊቱ ተሳፋሪ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ ቁጥሩ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ጉልበቱ ግን ይያዛል።

ለጤናም ነው

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ፍስሐ ገነት ደግሞ ከዚያም አልፎ ነው። ጉዞው ከአራት ሰዓት በላይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው የጥናት ውጤት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ገደማ እንደሚያደርገው አመልክቷል። ይህም በአውሮፕላን ብቻ ሳይሆን በመኪና፣ በአውቶቡስና በባቡርም ነው። አደጋው በጥቅሉ አነስተኛ ነው፤ ከ6,000 ሰው አንድ ያህሉን ቢነካ ነው። ነገር ግን ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ቀድሞ ሕመሙ ላለባቸው ከፍ ይላል።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እርሱ በሐኪም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት አንድ ጊዜ በዚያ ወንበር ከተጓዙ በኋላ ለሁለተኛው ስብሰባ «ወጣቶቹ ይሂዱ» ይላሉ። እግሯ የደነዘዘ የሴቶች ተወካይ ስብሰባው ሲጀመር ሐሳቧ ከአጀንዳው ይልቅ ከእግሯ ጋር ይሆናል። መኪናው አባሉን ወደ ጉባኤ ለማድረስ ተገዝቶ የኋላው ወንበር የእግር እሳት ከሆነበት፣ የአንድ አባል አንድ ድምፅ መርህ መንገድ ላይ ይሸራረፋል።

«ጭነቱስ?» ለሚሉ

አንዳንዶች ቡና የሚጫነው በካሶኒው ስለሆነ ካሶኒው ይብለጥ ይላሉ። ክርክሩ መልስ ይገባዋል። የእሸት ቡና ማመላለስ የጭነት መኪና ሥራ ነው። የፒክ አፑ ሥራ ሰው፣ ናሙና፣ ሰነድና ለመፈልፈያ ማሽን የሚሆን ዕቃ ማድረስ ነው። ሥራው በአብዛኛው ዕቃ ብቻ ከሆነ ነጠላ ጋቢና ይገዛ፤ ተወካዮችም የአውቶቡስ ወጪያቸው ተከፍሎ በሕዝብ ማመላለሻ ይሂዱ። ሥራው ሰው ማጓጓዝ ከሆነ ግን የሰው ቦታ ይለካ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ዛፍ፣ እንሰትና ቡና በአንድ ማሳ ላይ ቦታ እየተሰጣጡ የሚያድጉበት ነው። ለእንሰትና ለቡና ቦታ መመጠን የሚያውቅ ገበሬ ለሰው እግር ቦታ መመጠን አያቅተውም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ የኋላ እግር ቦታ መጠን፣ የመደገፊያው ጋደልታና በእያንዳንዱ የኋላ ወንበር ላይ በትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ መኖሩ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት መኪናው ይሞከር። ረጅም ሾፌር ወንበሩን ለራሱ አመቻችቶ ይቀመጥ፤ ከጀርባው ሦስት አባላት ይግቡ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ አረጋዊ ይሁኑ። በጉልበትና በፊት ወንበር መካከል የተጨበጠ እጅ ይገባል ወይ? የእግር ጣት ከፊት ወንበር ሥር ይገባል ወይ? አረጋዊው ያለ ደጋፊ መውጣትና መውረድ ይችላሉ ወይ? ግማሽ ሰዓት በጠጠር መንገድ ተነድቶ መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሦስተኛ፣ አሁን በእጅ ያለው መኪና በሥርዓት ይያዝ። ክሪክ፣ ናሙናና ጆንያ ከተሳፋሪ እግር ሥር ወጥቶ በካሶኒው ውስጥ በሚቆለፍ ሣጥን፣ ሸራ ለብሶ ይቀመጥ። የፊቱ ወንበር ከተወሰነ ምልክት አልፎ ወደ ኋላ አይገፋ። በየሁለት ሰዓቱ መኪናው ይቁም፤ ተሳፋሪው ወርዶ ይራመድ፤ ቦታም ይቀያየር። ከኋላ አራተኛ ሰው አይጨመር።

እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የመጨረሻው ደግሞ ምንም አይጠይቅም። ከዲላ ሲነሡ ኃላፊው ከፊት የተቀመጡ እንደሆነ ሐዋሳ ላይ ወርደው ወደ ኋላ ይለፉ፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ከፊት ይግቡ። በጌዴኦ ሶንጎ ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀመጥም። ይህ ሥርዓት በመኪናው ውስጥም ይከበር።

ከኋላው ወንበር አንድ ጊዜ የተጓዘ ኃላፊ በሚቀጥለው ግዥ የእግር ቦታውን ራሱ ይለካል።