ጅራፍ ስናጮኽ፦ አቋቋምና የትከሻ አያያዝ

(ለሰፈራችን ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው የቡሄ በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። በዓሉ ሲቃረብ ልጆቻችን ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ያጮኻሉም። አባቶች ይህ ድምፅ በደብረ ታቦር የተሰማውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል ይላሉ። የዛሬው ንግግሬ ግን ስለ በዓሉ ታሪክ ሳይሆን ስለ አካላችን ነው። ይኸውም ጅራፍ የሚጮኸው በትከሻ ጉልበት አይደለም፤ በአቋቋም ነው። ይህን ያላወቀ ልጅ ትከሻውን ይጎዳል፤ ሲብስም የጓደኛውን ዓይን ያጠፋል።

ለመሆኑ ድምፁ ከየት ይመጣል? ጅራፍ ከመያዣው ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ከእጃችን የተነሣው ግፊት ወደ ቀጭኑ በተጠጋ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በመጨረሻም ጫፉ የድምፅን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 340 ሜትር ያህሉን፣ ይቀድማል። «ጧ!» የሚለው በዚያን ጊዜ የሚሰነጠቀው አየር ነው እንጂ ጅራፉ መሬት መትቶ አይደለም። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚሠራው አገማመዱ ነው፤ የእኛ ድርሻ በደንብ ማስነሣትና በጊዜው እጅን ቆም ማድረግ ነው።

ታዲያ እንዴት እንቁም? እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት፤ በቀኝ እጁ የሚያጮኽ ግራ እግሩን ትንሽ ያስቀድም፤ ጉልበት ላላ ይበል። ግፊቱ ከእግር ተነሥቶ በወገብ፣ በትከሻና በክርን አልፎ የእጅ አንጓ ላይ ይጨርስ። ትከሻ ወደ ጆሮ አይሰቀል፤ ዝቅ ብሎ ይረፍ። ጅራፉ ከራስ በላይ ሲዞር እጅ ይዙር እንጂ ክርን ከትከሻ በላይ አይውጣ። ትከሻ ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ ይበልጥ እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ ነው፤ በዚያው ልክ ጥብቅነቱ ያንሳል። ክንድ ደጋግሞ ወደ ላይ ሲወነጨፍ ከትከሻ አጥንት ሥር የሚያልፉት ጅማቶች ይጨመቃሉ፤ ያብጣሉም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች፣ በወይብና በዳንካ ወንዞች፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ይህን ዓሣ ዝንብ በሚመስል ማታለያ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚወረውሩት ክብደት የሌላትን ዝንብ ሳይሆን ረጅሙን ገመድ ነው። እነሱም እግራቸውን ከፈት፣ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ ክርናቸውን ከጎናቸው ሳያርቁ ይቆማሉ። ልዩነቱ፣ ገመዱ ከኋላቸው እስኪዘረጋ ይታገሣሉ፤ ከቸኮሉ ገመዱ እንደ ጅራፍ ይጮኽና ዝንቢቱን በጥሶ ይጥላታል። እኛ የምንሻውን ጩኸት እነሱ ይሸሹታል፤ የትከሻው ደንብ ግን ያው አንድ ነው።

በመጨረሻ ለወጣቶች አደራ የምለው፦ ጀማሪ ከቁመቱ የረዘመ ጅራፍ አይያዝ። ጫፉ ላይ ሽቦ አይታሰር። ከማጮኻችን በፊት ዙሪያችንን እንይ፤ ሌላው ሰው ከጅራፉ ርዝመት እጥፍ ይራቅ። አስፋልት ዳርና መናኸሪያው አካባቢ መኪናና መንገደኛ ስለሚበዛ ገላጣ ሜዳ ይፈለግ።

ወላጆችም፣ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይባላል። ልጅ ግን ጨዋታው እንዳይቀርበት ሕመሙን ውጦ ዝም ይላል። ስለሆነም ጠይቁት። ሸሚዙን ሲያወልቅ ክንዱን ማንሣት ካቃተው፣ ወይም ሌሊት በዚያ ጎኑ መተኛት ከከበደው፣ ጅራፉን ያስቀምጥ፤ ካልተሻለውም ሐኪም ይየው።

መልካም ቡሄ!