በዓለት ውስጥ ያለው ጨረርና የምንጠጣው ውሃ

 

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ። አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ያደረጉበት ዕለት ነው። በዚያው ዕለት በፓሪስ ከተማ ሄንሪ ቤክሬል የተባለ ሊቅ መሳቢያውን ከፈተ። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነበር። ቤክሬል መስታወቱን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ፣ ዩራኒየም ያለበት ጨው ከላዩ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። አውጥቶ ቢያጥበው፣ ፀሐይ ሳያየው የጨው ቅርጽ ታትሞበት አገኘ። ዩራኒየም ዓይን የማያየው ጨረር ከራሱ እንደሚያወጣ የታወቀው እንዲህ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን መሆናቸው እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዩራኒየም ሰው የሠራው ነገር አይደለም። ከመሬት ጋር አብሮ የኖረ ማዕድን ነው። ጨረር እያወጣ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ጎተራችሁን አስቡ። ዘንድሮ እህሉ በግማሽ ቢጎድል፣ ከርሞ ደግሞ የቀረው በግማሽ ቢጎድል፣ እንደዚያ ነው። ዋናው የዩራኒየም ዓይነት ግን በግማሽ ለመጉደል 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የመሬት ዕድሜም ወደዚያው ስለሚጠጋ፣ ገና ግማሹ አለ።

ታዲያ በእኛ አገር ድንጋይ ውስጥ አለ ወይ? አለ፤ ግን ጥቂት ነው። የስሜን ተራራ ጥቁር ድንጋይ ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ግራናይት ከሚባለው ይልቅ ዩራኒየሙ ያንሳል። ምንጫችን ዕለት ተዕለት የሚያሳምመን ዝናብ አጥቦ በሚያመጣው አዛባና ዓይነ ምድር ነው።

ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ግን መመርመር ያስፈልጋል። ውሃው በዓለት ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ ማዕድን ያሟሟል። በውሃ የሟሟ ዩራኒየም ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል። ውሃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ዩራኒየምን ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ቆፋሪዎች ሲመጡ የውሃውን ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ዩራኒየም የሚለውን ቃል ፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ30 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ማይክሮግራም ማለት 1 ግራም ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ቃሉ ከነጭራሹ ከሌለ አልተለካም ማለት ነውና፣ ለምን እንደሆነ የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ተማሪ ልጅ ጠርታችሁ ቃሉን አስፈልጉ። ቁጥሩን ግን እናንተው ታነቡታላችሁ።