ስለ ስንብት፤ የቶሮንቶ ደጋፊዎች ማሳይ ኡጂሪን እንደ ተሰናበቱት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ባለሙያ ክብር አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ይህ ሰው ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ይናገራል ብሎ የጠበቀ ቢኖር አይፈረድበትም። እኔ ግን ስለ ቅርጫት ኳስ፣ ያውም ለቡድኑ አንድም ኳስ ሳይወረውር በአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ዘንድ ስለ ተወደደ አንድ የቡድን ፕሬዚዳንት ለመናገር መርጫለሁ። ነገሩ ከሙያችን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ወደ መጨረሻው ላይ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንደምታውቁት እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 ለከፍተኛ ትምህርት ካናዳ ውስጥ በቶሮንቶ ከተማ ቆይቻለሁ። እዚያ በደረስሁበት ወር ከተማው በቁጣ ላይ ነበር። የቶሮንቶ ራፕተርስ ቡድን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያገለገለውንና ከተማውን እንደ ቤቱ የሚወደውን ዴማር ዴሮዛን የተባለውን ተጫዋች ለሌላ ቡድን አሳልፎ ሰጥቶ ነበርና ነው። በአውቶቡስ፣ በመማሪያ ክፍል፣ በዳንፎርዝ ጎዳና ባሉት የእኛ አገር ሰዎች ቡና ቤቶች ሳይቀር፣ የሚነሣው ስም ልውውጡን የወሰነው የማሳይ ኡጂሪ ስም ነበር። ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት እንግዲህ በወቀሳ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ያው ከተማ ይህንኑ ሰው በፍቅር ተሰናበተው። በዚህ መካከል ምን ሆነ? የንግግሬ ጉዳይ ይህ ነው።

ኡጂሪ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በሰሜን ናይጄሪያ በዛሪያ ከተማ ያደገ ሰው ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ኬንያዊት ናቸው። በአሜሪካ ኮሌጅና በአውሮፓ ክለቦች ኳስ ተጫውቷል፤ ነገር ግን ከታላላቆቹ ተጫዋቾች አልተቈጠረም። ጨዋታውን ካቆመ በኋላ ለኦርላንዶ ቡድን ያለ ደመወዝ ተጫዋች መልማይ ሆኖ ጀመረ። ከዚያም በዴንቨርና በቶሮንቶ ደረጃ በደረጃ አድጎ፣ በ2010 የዴንቨር ቡድን የሥራ መሪ ሆነ፤ በ2013ም የዓመቱ ምርጥ የቡድን ሥራ መሪ ተብሎ ተሸለመ። ወዲያው በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ጠራችው።

ከዚህ ላይ የእንዲህ ያለው ሰው ሥራ ምን እንደ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የቡድን ፕሬዚዳንት ተጫዋች ይመርጣል፣ ይለውጣል፣ አሠልጣኝ ይሾማል፣ ይሽራል። ይህን ሁሉ የሚሠራው በብዙ ገደብ ታስሮ ነው። ለተጫዋቾች በሚከፈለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ ጣሪያ አለ፤ አዳዲስ ተጫዋቾች በተራ ይመረጣሉ፤ ልውውጥም የደመወዝ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። ባጭሩ እንደ እኛ በተወሰነ በጀት፣ በተወሰነ መሬትና በተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ሰው ነው። ልዩነቱ የእኛን ስሕተት ዝናብና ጎርፍ ሲገልጠው፣ የእርሱን ግን ሃያ ሺህ ያህል ተመልካች በየምሽቱ የሚያየው መሆኑ ነው።

በኡጂሪ ዘመን ቡድኑ ከ2014 እስከ 2020 ባሉት ሰባት ተከታታይ የውድድር ዓመታት ለጥሎ ማለፉ ደርሷል። በመጀመሪያው ዓመት ከአዳራሹ ውጭ በአደባባይ ለተሰበሰበው ደጋፊ ሲናገር ስለ ተቃራኒው ቡድን ከተማ ጸያፍ ቃል አምልጦት 25,000 ዶላር ተቀጥቷል፤ ደጋፊው ግን ያን ጊዜ «ይህስ ከእኛው አንዱ ነው» አለው። ቢሆንም በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ሦስት ጊዜ በተከታታይ በክሊቭላንድ ተሸነፉ። በሦስተኛው ሽንፈት ኡጂሪ አሠልጣኙን ድዌይን ኬሲን አሰናበተ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኬሲ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። እንግዲህ የደጋፊውን ቁጣ ገምቱት! በዚያው ክረምት ዴሮዛንን ከሳን አንቶኒዮ ቡድን ጋር ለውጦ፣ ታምሞ የከረመውንና በቶሮንቶ ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየቱ ማንም ዋስ የማይሆንለትን ካዋይ ሌናርድን አመጣ።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በግንቦት 2019 ሌናርድ በመጨረሻዋ ቅጽበት የወረወራት ኳስ በቅርጫቱ ቀለበት ላይ አራት ጊዜ ነጥራ ስትገባ እኔም በዚያ አደባባይ ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 2019 ቶሮንቶ ጎልደን ስቴትን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዩናይትድ ስቴትስ ውጭ ያለ ቡድን ይህን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው። ከአራት ቀን በኋላ በተደረገው ሰልፍ ላይ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ወጣ። ከጎኔ የቆሙት ከሕንድ፣ ከሶማሊያ፣ ከጃማይካ፣ ከፊሊፒንስ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም የሌላ አገር ሰዎች፣ ሁሉም የዚያ ከተማ ልጆች። ከተሰለፉት ተጫዋቾች ፓስካል ሲያካም የካሜሩን ልጅ ነው፤ ሰርጅ ኢባካ የኮንጎ ልጅ ነው። የሠሩትም የሚመራቸውም አፍሪቃዊ መሆናቸው ለእኛ ለስደተኞቹ ምን ማለት እንደ ነበረ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

በድሉ ምሽት አንድ መራር ነገርም ተፈጽሟል። ኡጂሪ ደስታውን ከተጫዋቾቹ ጋር ለመካፈል ወደ ሜዳው ሲገባ አንድ የጸጥታ ባልደረባ ገፈተረው። ባልደረባው ቆይቶ ራሱ ከሳሽ ሆነ። በ2020 ከባልደረባው ካሜራ የተገኘው ፊልም ሲታይ ግን የገፋው ማን እንደ ነበረ ግልጽ ሆነ፤ ክሱም በ2021 ቀረ። ደጋፊው በዚህ ጊዜ ከኡጂሪ ጎን በመቆሙ፣ ፍቅሩ ከዋንጫ ያለፈ ሆነ ለማለት ይቻላል።

ወገኖቼ፣ ሥራ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም። ሌናርድ ከድሉ በኋላ ወዲያው ሄደ። በ2020 የተከፈተውን የውድድር ዓመት ቡድኑ በወረርሽኙ ምክንያት በፍሎሪዳ በታምፓ ከተማ አሳለፈ። በ2023 ፍሬድ ቫንቭሊት ያለ ምንም ምትክ ለቆ ወጣ፤ ሲያካምም በ2024 መጀመሪያ በልውውጥ ተሰጠ። በ2023/24 ቡድኑ 25 አሸንፎ 57 ተሸነፈ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 30 አሸንፎ 52 ተሸነፈ። «ቡድኑን ማፍረስ ከነበረበት ቀደም ብሎ ማፍረስ ነበረበት» የሚሉ ደጋፊዎች ብዙ ነበሩ፤ ትክክልም ይመስሉኛል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2025 ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ኡጂሪ ከቡድኑ መለየቱ ተነገረ። ውሉ ገና አንድ ዓመት ይቀረው ነበር።

በዚያ ዕለት በቶሮንቶ ለሚኖሩ አንድ የአገሬ ሰው ስልክ ደወልሁ። በተማሪነቴ ጋሼ እያልሁ የምጠራቸው፣ ታክሲ በመንዳት ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ቡድኑ ሲሸነፍ እራት የማይበሉ ሰው ናቸው። «ምን ተሰማዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት ተቀይሜዋለሁ፤ አልዋሽህም። ዴሮዛንንም ሲሸኘው ተቀይሜዋለሁ። ዛሬ ግን ባገኘው እጁን ጨብጬ ‹አንተ ሰው፣ እግዜር ይስጥልን› ብለው ደስ ይለኛል።» በዚያ ሰሞን ያነበብሁትና የሰማሁት የደጋፊዎች ቃል ሁሉ ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር። ምስጋናው ጉድለቱን አልሸፈነም፤ ጉድለቱም ምስጋናውን አልበላውም።

ይህ ከተማ ስንብትን የተማረው በአንድ ቀን አይደለም። ዴሮዛን የተሸኘው ያለ ደህና ሁን ነበር። ኡጂሪ ራሱ ከቀናት በኋላ በመካከላቸው ስለ ነበረው አለመግባባት በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ዴሮዛን በየካቲት 2019 ተቃራኒ ሆኖ ወደ አዳራሹ ሲመለስ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ትቶአቸው የሄደው ሌናርድም በታኅሣሥ 2019 ሲመለስ ቀለበቱን ተቀብሎ በጭብጨባ ተከበረ። በመጨረሻም ተራው የኡጂሪ ሆነ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በአገራችን «ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በእኛ ሙያ የሄደውም እንኳን አልተመሰገነም። የአፍሪቃን እግር ኳስ ከ1972 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1987 የመራውን ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ያፈራን ሕዝብ ነን፤ ከሜዳው ጀርባ የሚደክመውን ሰው ማክበር አያቅተንም ነበር።

አንድ የራሴን በደል ልናዘዝ። ከካናዳ ጉዞዬ በፊት በተቀጠርሁበት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በድልድይ ሥራ ያገለገሉ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ነበሩ። ጡረታ በወጡበት ቀን ቁልፋቸውን ለንብረት ክፍል አስረክበው፣ መጻሕፍታቸውን በሁለት ካርቶን አስይዘው ደረጃውን ወረዱ። ስብሰባ አልተጠራም፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳን አልቀረበም። እኔም በጠረጴዛዬ ላይ ስሌት ይዤ ነበርና አንገቴን ሳላቀና «ደህና ይሁኑ» አልኋቸው።

ሁለት ክረምት እንዳለፈ እርሳቸው ካሠሩአቸው ድልድዮች አንዱ መሠረቱ በጎርፍ ተሸርሽሮ እንድናጠናክረው ታዘዝን። በእጃችን ያለው ንድፍ መሠረቱ በሁለቱም ዳር ስድስት ሜትር እንደሚወርድ ያሳያል። ብንቆፍር አንዱ ዳር ከንድፉ ጋር አልተስማማም። ሦስት ሳምንት ገንዘብና ጉልበት ካፈሰስን በኋላ አድራሻቸውን ጠይቄ ቤታቸው ሄድሁ። ቡና አስፈልተው፣ በልጅ ደብተር ላይ በእርሳስ እየሣሉ አስረዱኝ። «በግራ በኩል አለቱ በአራት ሜትር ስለ ተገኘ እዚያው አቆምነው፤ ለውጡን ጽፌ ነበር፤ ወረቀቱ የት እንደ ገባ እንጃ» አሉኝ። ስነሣ በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ «ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራ ሊጠይቀኝ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አሉ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚቈጠቁጠኝ። ባለፈው ዓመት ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ አራት ሰዎች ስለ ሥራቸው ተናገሩ፤ አንዱ እኔ ነበርሁ። እርሳቸው ግን አልሰሙንም።

እንግዲህ ከቶሮንቶ ደጋፊዎች የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምስጋና ለሚሰማ ጆሮ ይነገር። ሁለተኛ፣ ስንብት እውነተኛ የሥራ ሒሳብ ይሁን፤ ድልድዩ ከቆመ መቆሙ፣ ከተሰነጠቀም መሰንጠቁና ምክንያቱ ይነገር። ባዶ ውዳሴ ሰውየውን አያከብረውም፣ ወጣቱንም አያስተምረውም። ሦስተኛ፣ ስንብት ርክክብ ይሁን። ኡጂሪ ሲለይ ከ2013 ጀምሮ አብሮት የሠራው ቦቢ ዌብስተር በሥራ መሪነቱ ቀጥሏል፤ የሚያውቀው ሁሉ በሁለት ካርቶን ታስሮ አልወጣም። ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ ከሥራ ለሚሰናበቱ አባሎቹ አንድ ምሽት እንዲያዘጋጅ፣ እያንዳንዳቸውም ስለ ሠሩትና ስለ ተማሩት በአንድ ወጣት ባልደረባ እየተጠየቁ በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጪው የሻይና የወረቀት ነው። ለመጀመሪያው መዝገብ እኔው ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ።

ኡጂሪ በ2003 የአፍሪቃን ልጆች በቅርጫት ኳስ የሚያሠለጥን «ጃያንትስ ኦፍ አፍሪካ» የተባለ ድርጅት አቋቁሟል። ከቶሮንቶ በተለየበት በ2025 ክረምት በኪጋሊ በአሳደገችው ከተማ በዛሪያ ስም የተሰየመ የስፖርት ማእከል ተመርቋል። ይህም በክብር የተሰናበተ ሰው ጉልበቱን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ እንደሚሄድ ያሳያል። የእኛም አንጋፋዎች ቤት የሚቀመጡት ጉልበት አጥተው ሳይሆን የሚጠይቃቸው አጥተው ነው።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ በዚህ ዓመት ከሥራ የሚሰናበቱ አባሎቻችን ዛሬ በመካከላችን አሉ። እነርሱ ደክመዋልና ይቀመጡ። እኛ ብድግ እንበልና ሳይሄዱ እናጨብጭብላቸው።