በጨለማ የሚያበሩ ቁሶች ብርሃናቸውን ከወዴት ያመጣሉ?



ጎንደር ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪም ሽቦም የሌለው አረንጓዴ የመውጫ ምልክት በደረጃ ግድግዳ ላይ ብቻውን ሲያበራ ያያችሁ ትኖራላችሁ። «ቀን የጠጣውን ብርሃን ማታ ይተፋል» ይባላል። አባባሉ ደስ ይላል፤ ለፈተና ግን አይበቃም። በቁሱ ውስጥ የሚያድረው ብርሃን አይደለም፤ ኤሌክትሮን ነው።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ቁስ ጥቂት ዩሮፒየምና ዲስፕሮሲየም የተጨመረበት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ ታወቀ። ነገሩ ግን የቆየ ነው፦ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው 30 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በጣሊያን ቦሎኛ አንድ ጫማ ሠሪ ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ድንጋይ ከከሰል ጋር ቢያቃጥል በጨለማ የሚያበራ ነገር አገኘ። ወርቁን አላገኘም።

ብርሃን ሲያርፍበት የዩሮፒየሙ ኤሌክትሮን ወደ ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ይነሣል። ከፊሉ ወዲያው ይመለሳል። የቀረው በክሪስታሉ ጉድለቶች ውስጥ ይያዛል፤ እነዚህን «ወጥመድ» እንላቸዋለን። ከወጥመዱ የሚያስወጣው የአቶሞቹ የሙቀት ንዝረት ነው፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ዩሮፒየም ሲመለስ 520 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አረንጓዴ ብርሃን ይወጣል። ወጥመዱ ጥልቀት ካጣ ብርሃኑ በሰከንዶች ያልቃል፤ ከመጠን በላይ ከጠለቀ ኤሌክትሮኑ እዚያው ታስሮ ይቀራል። 0.65 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሲሆን ግን ሌሊቱን እየተንጠባጠበ ያድራል። ወጥመዱ በትክክል ምን እንደሆነ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ክሪስታሉ እንከን የለሽ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ባልኖረ ነበር።

ሙቀት ወሳኝ ከሆነ ብርዱስ? በዚሁ ጥልቀት ብናሰላ፣ ሙቀቱ ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ኤሌክትሮን ከወጥመድ የሚወጣበት ፍጥነት ወደ ሩብ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በደባርቅ ብርዳማ ሌሊት ውጭ የተሰቀለ ምልክት ጎንደር ቤት ውስጥ ካለው ይልቅ መጀመሪያ ላይ ይደበዝዛል፤ ነገር ግን ብርሃኑን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆጥባል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቁሱን የሚሞላው በተለይ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ የደጋው ፀሐይ ይህን አይነፍገንም። ምልክቱን ግን መስኮት በሌለው ኮሪደር እንለጥፈዋለን፣ ከዚያም ለቁጠባ ብለን ቀን ቀን አምፖሉን እናጠፋለን። ማታ መብራት ሲሄድ ምልክቱ ባዶውን ነው፤ መውጫ ፈልጎ በደረጃው የሚዳብስ ተማሪ ግን አለ። ስለዚህ ዛሬ ስትወጡ በየሕንፃችሁ ያሉትን ምልክቶች ተመልከቱ፤ ቀን ብርሃን የማያገኙትን መዝግባችሁ አምጡልኝ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።