«ውሃ ዳር አትሂጂ» ብቻ አይበቃም

(የልጆች ኮሚቴ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ልጆቹ የዋና ትምህርት እንድንናገር አሥር ደቂቃ ሰጥታናለች። ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ገንዘባችሁም ምን ላይ እንደዋለ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን ትምህርቱ ለምን እንደተጀመረ እናስታውስ። ብዙዎቻችሁ እዚያው ነበራችሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በሰመር፣ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር የማኅበሩን ምሳ አዘጋጅተን ነበር። ሥጋው ይጠበሳል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ጨዋታው ደርቷል። ትልልቆቹ ብቻ ከሠላሳ አናንስም። አንዲት የአራት ዓመት ልጃችን ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታ ትጫወት ነበር። ሁላችንም ሌላዋ እያየቻት መስሎን ነበር፤ እንዲያ ስንል ማንም አላያትም። አልጮኸችም፣ «እማዬ» አላለችም። ከአጠገባችን ምንጣፍ አንጥፎ የተቀመጠ የማናውቀው ወጣት ድንገት ተነሥቶ ሮጠና ከውሃው አወጣት። ሳለች፣ አለቀሰች፣ ሐኪም ቤት አድራ ተመለሰች። ፈጣሪ ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ናት፤ እንዲያውም ከመካከላችን እሷን የሚያህል ዋናተኛ የለም።

እኛ ግን ያን ቀን ዳር ላይ ቆመን እጃችንን ራሳችን ላይ መጫናችንን አልረሳነውም። ከዚያ ሁሉ ሰው መዋኘት የሚችል አንድ እንኳ አልነበረም።

አብዛኞቻችን ያደግነው «ውሃ ዳር አትሂጂ» እየተባልን ነው። እናቶቻችን ልክ ነበሩ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ፣ ደራሽ ውሃ ሲመጣ፣ ከመራቅ ሌላ መከላከያ አልነበራቸውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉን ነበር። ባሕር ዳር ያደጉት እህቶቻችን እንኳ የሚነግሩን፣ ጣና ውስጥ የሚዋኙት ወንድሞቻቸው እንደነበሩና እነሱ የሚወርዱት ውሃ ለመቅዳትና ልብስ ለማጠብ እንደነበረ ነው። አዲስ አበባ ያደግነውም የጊዮን ሆቴልን መዋኛ በስም እናውቀዋለን እንጂ ገብተን የዋኘን ጥቂት ነን።

ሲያትል ግን በምሥራቅም በምዕራብም ውሃ ነው። በአንድ በኩል ዋሽንግተን ሐይቅ፣ በሌላው ፒዩጀት ሳውንድ፣ መሐል ላይ ሌክ ዩኒየንና ግሪን ሌክ። በምንከራየው አፓርታማ ግቢ ገንዳ አለ። የክፍል ጓደኛ ልደት ገንዳ ውስጥ ይከበራል። እዚህ አገር ልጅን ከውሃ አርቆ ማሳደግ አይቻልም። ስለዚህ የእናቶቻችንን ጥንቃቄ ሳንተው መልኩን መለወጥ ነበረብን።

የምንናገረው ከፍርሃት ብቻ ተነሥተን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ነገሮች ሁሉ መስጠም የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ ከጥቁር አሜሪካውያን ልጆች 64 ከመቶ የሚሆኑት መዋኘት አይችሉም ወይም ችሎታቸው በጣም ዝቅተኛ ነው ብሏል። ለእነሱ ነገሩ ታሪክ አለው፤ አያቶቻቸው ከሕዝብ መዋኛዎች በቆዳ ቀለማቸው ይከለከሉ ነበር። የእኛ ምክንያት ሌላ ቢሆንም ልጆቻችን የሚገቡት እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቀድሞ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የዋና ትምህርት አይመክርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አቋሙን አላላ፤ በ2019 መመሪያው ደግሞ ትምህርቱ ከ1 ዓመት ጀምሮ ብዙ ልጆችን ሊጠቅም እንደሚችል ገልጿል። «ገና ሕፃን ነው» የሚለው ምክንያታችን እንግዲህ ብዙ አያስኬድም።

አሁን ወደ ሥራው እንለፍ። በመጀመሪያው ዙር ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ 18 ልጆች መዘገብን። የሰጣችሁን ገንዘብ ለትምህርቱ ክፍያ፣ ለዋና ቆብና ልብስ፣ መኪና ለሌላቸው እናቶች ደግሞ ለመጓጓዣ አዋልነው። ከተማው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች የክፍያ ድጋፍ ስላለው፣ ቅጹን አብረን እየሞላን ያንኑ ገንዘብ ለብዙ ልጅ አዳረስነው።

አንድ አሠልጣኝ አምስት ልጆች ይይዛል፤ ትምህርቱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃው ውስጥ ያወራጫሉ። ቀጥሎ አፋቸውን ነክረው ትንፋሻቸውን ያስወጣሉ፤ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ይሥቃሉ። ከዚያ ፊት መንከር፣ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ወድቀው ቢገቡ ዞረው የገንዳውን ጠርዝ መያዝ ይማራሉ። አንድ ልጃችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አለቀሰ። አሠልጣኙ አልጎተተውም፣ እናቱም አልተቆጣችውም። በአራተኛው ሳምንት ጎረቤቱ ልጅ ራሷን ስትነክር አይቶ እሱም ነከረ። ልጅን በቡድን ማስተማር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ትልቅ ሰው ለምኖት እምቢ ያለውን ነገር እኩያው ስታደርገው ካየ ይሞክራል።

ጉድለቱንም አንደብቅም። ሠላሳ ደቂቃ ለአምስት ሲካፈል ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው ስድስት ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ጠርዝ ይዞ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር በሳምንት አንዴ የነበረውን ትተን በየቀኑ የሚሰጠውን የሁለት ሳምንት ትምህርት መረጥን፤ ልጆቹም ያዩትን ሳይረሱ ቀጠሉ። በሴቶች ልጆች ፀጉርም ተቸግረን ነበር። ዛሬ የተሠራ ሹሩባ ነገ ውሃ ሲገባው ማን ይታገሠዋል? ሰፋ ያለ ቆብ ገዛን፤ ፀጉር የምትሠራው እህታችንም ለዋና የሚሆን ቀላል ሹሩባ በነፃ ሠራችላቸው።

አምስት ልጆች ግን አቋረጡ። የሦስቱ እናቶች ሽፍታቸው ተለውጦባቸው ነበር። የሁለቱን ምክንያት ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው፤ ስልክ አልደወልንምና። ይህ የኮሚቴው ጥፋት ስለሆነ እናቶቹን እዚሁ በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከእንግዲህ አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ ቤቱ እንደውላለን።

እህቶቻችን፣ ከሁሉ በላይ የምንፈራው ግን «ልጄ ዋና ተምሯል» ብሎ ጀርባ መስጠትን ነው። የሚዋኝ ልጅም ይሰጥማል። መስጠም እንደ ፊልም ጩኸት የለውም፤ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ አይጮኽም። ክንድ ላይ የሚታሠር የሚነፋ ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ሐይቅ ላይ ልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ያስፈልጋል። በግንቦት ፀሐዩ ቢሞቅም የሐይቁ ውሃ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ትልቁንም ሰው ያደነዝዛል። ትንንሾቹ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አንድ ትልቅ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት መሆን አለበት፤ ስልክ ሳይዝ፣ ወሬ ሳይጀምር።

በዚህ ምክንያት አምና ምሳችን ላይ ተረኛ ጠባቂ ሰየምን። አንገቷ ላይ ቢጫ ነጠላ ታደርጋለች፤ በየሃያ ደቂቃው ነጠላው ለሌላዋ ይተላለፋል። ነጠላው ያለባት ቡና አትቀዳም፣ ቡናም አይቀርብላትም። ቦታውንም ላይፍጋርድ ካለበት ዳርቻ አደረግነው።

አሁን ውሳኔያችሁን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። ከቀረው ገንዘብ ግማሹ ለእናቶች ዋና ትምህርት ይዋል። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያለው ገንዳ አግኝተናል። በኮሚቴው ውስጥም ተከራክረንበታል፤ «ገንዘቡ የተሰጠው ለልጆች ነው፣ የእኛ መዋኘት ቅንጦት ነው» ያሉ አሉ። ደጋፊዎቻችን ያልፈቀዱትን እንደማናደርግም ተስማምተናል። ነገር ግን ውሃ የምትፈራ እናት ልጇን ገንዳ ውስጥ ይዛ ያስተማሩትን ልታስደግመው አትችልም። በትምህርቱ ላይ የነፍስ አድን ሥልጠናም ይጨመራል፤ ትንፋሽ መስጠትንና ደረት መጫንን፣ ደግሞም ዋና የማትችል ሴት ዘላ ከመግባት ይልቅ 911 አስደውላ የሚንሳፈፍ ነገር እንድትወረውር ያስተምራል።

ያን ቀን ልጃችንን ያወጣትን ወጣት ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ ሄደ። ዕዳው አለብን። አንድ ቀን የሌላ ሰው ልጅ አጠገባችን ሲሰጥም ተነሥታ የምትሮጠው ከእኛ አንዷ እንድትሆን እንፈልጋለን።

በሚቀጥለው ዙር ለመመዝገብ የምትፈልጉ፣ ልጆችም ሆናችሁ እናቶች፣ መዝገቡ በሩ አጠገብ ነው።